የእግር ኳስ ጭሰኞች

ዊምብልደን ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ቴኒስ ነው፤ ነጭ በነጭ የለበሱ ተጫዋቾች፣ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ሣር፣ ኮፍያቸውን ደፍተው በጸጥታ የሚያጨበጭቡ እመቤቶች። ከዚያው ሰፈር ግን ተራው የደቡብ ለንደን ሕዝብ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጋፋ ይገባበት የነበረ ሌላ ሜዳ ነበር። ስሙ ፕላው ሌን ይባላል። ሜዳው አያምርም፤ እንግዳ ቡድኖችም ወደዚያ መሄድን እንደ ቅጣት ይቆጥሩት ነበር። ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚህን ሜዳና የባለቤቶቹን ታሪክ ነው። «ባለቤቶቹ» ስል እነማንን ማለቴ እንደሆነ ከወዲሁ መናገር ይቸግረኛል፤ የታሪኩ ጠብ ያለው እዚሁ ቃል ላይ ነውና። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚህ ታሪክ የመራኝ በከተማችን ኳስ ማሳያ ቤቶች የምሰማው ምሬት ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ በተሸነፈ ቁጥር ከአሠልጣኙና ከተጫዋቾቹ ቀጥሎ የሚረገመው የግሌዘር ቤተሰብ ነው። የመግቢያውን ከፍሎ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመርካቶ ልጅ አንድ የአሜሪካን ሀብታም ቤተሰብ በስም እየጠራ «ክለባችንን ልቀቁ!» ይላል። «ክለባችን» ሲል በድምፁ ውስጥ አንዳች ጥርጣሬ የለም። እንግዳ ሰው ቢሰማው ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን አልስቅም፤ ልጁ የሚናገረውን ያውቃል። ግሌዘሮች በ2005 ክለቡን ሲጠቀልሉት ለግዢው ከተበደሩት ገንዘብ ብዙውን ያሸከሙት ክለቡን ራሱን ነው። በሬ በዱቤ ገዝቶ ዕዳውን በሬው አርሶ እንዲከፍል ማድረግ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከተቆጡት የማንቸስተር ደጋፊዎች ከፊሉ ክለባቸውን ትተው ወጡና ኤፍ ሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። መንገዱን ግን የጠረጉት እነሱ አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በፊት የዊምብልደን ሰዎች ሄደውበታል።

የዊምብልደን ክለብ የተመሠረተው በ1889 ነው፤ መሥራቾቹም የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ነበሩ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ደመወዝ ከማይከፈላቸው ቡድኖች ጋር ሲጫወት ኖረ። ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ የገባው በ1977 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ተረት ይመስላል። ከአራተኛ ዲቪዚዮን ተነሥቶ በ1986 አንደኛ ዲቪዚዮን ደረሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ግንቦት 14 ቀን 1988 ዌምብሊ ላይ ለኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ከሊቨርፑል ፊት ቆመ። ሊቨርፑል ያን ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን ነበር። ላውሪ ሳንቼዝ በግንባሩ አንድ ግብ አገባ። ሊቨርፑሎች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙና ጆን አልድሪጅ መታ፤ በረኛው ዴቭ ቢሰንት ተወርውሮ አወጣት። በዌምብሊ የዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት ሲድን ያ የመጀመሪያው ነበር። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ አምበሉም ራሱ ቢሰንት ስለነበር ዋንጫውን ከልዕልት ዲያና እጅ ተቀበለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የዚያ ክለብ ተመልካች ብዙ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ድል ዘመን እንኳ ፕላው ሌን እንደ ትልልቆቹ ክለቦች ሜዳ ሞልቶ አያውቅም። ኋላ «ይህ ክለብ ደጋፊ የለውም» ብሎ ለመከራከር ያመቸው ይህ ነው። ጥቂት መሆንና አለመኖር ግን ለየቅል ናቸው።

ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ የ97 ሰው ሕይወት ጠፋ። ከአደጋው በኋላ የቀረበው የዳኛ ቴይለር ሪፖርት የከፍተኛ ዲቪዚዮን ስታዲየሞች ቆሞ ማያውን ትተው በሙሉ ወንበር እንዲሆኑ ጠየቀ። የዊምብልደን ባለቤት ሳም ሃማም ፕላው ሌን ለዚህ አይሆንም ብሎ በ1991 ቡድኑን አነሣና የክሪስታል ፓላስ ሜዳ በሆነው ሰልኸርስት ፓርክ በደባልነት አስገባው። ለጊዜው ነው ተባለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ የአዲስ አበባ ሰው አይጠፋውም! አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። በመሃል ሃማም ቡድኑን ባሕር አሻግሮ ደብሊን ለማስገባት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። በ1997 ደግሞ ክለቡን ለሁለት የኖርዌይ ባለሀብቶች ሸጠ። አሮጌው ሜዳ ለብቻው ወደ አንድ የሱፐርማርኬት ድርጅት ዞረ፤ ሱፐርማርኬቱም ሳይሠራበት ቀርቶ ኋላ መኖሪያ ፎቆች በቀሉበት።

በኔ ግምት የክለብ ሞት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሜዳው ከቡድኑ ሲለይ። ሜዳው በልቡ ላይ የተቀመጠ መሬት ነው፤ መሬት ደግሞ በለንደን ወርቅ ነው። ባለቤቱ ኪሳራ ላይ ካለ ቡድን ይልቅ ባዶው መሬት ዋጋ እንደሚያወጣለት የሚያውቅበት ቀን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ቤት የሌለው ቤተሰብ ነው፤ ቤት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ የትም ቢወስዱት «እዚህ ምን አለህ?» ይባላል።

ግንቦት 14 ቀን 2000 ዊምብልደን በሳውዝሃምፕተን 2 ለ 0 ተሸንፎ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ቀኑን ተመልከቱት፤ ዋንጫውን ካነሣ ልክ 12 ዓመቱ። ገቢው ቀነሰ፣ ዕዳው ናረ። በ2001 አዲሱ ሊቀ መንበር ቻርልስ ኮፔል ቡድኑን ሚልተን ኪንስ ወደሚባል ከተማ ለማዛወር እንደታሰበ አስታወቀ። ሚልተን ኪንስ ከዊምብልደን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የአዲስ አበባን ቡድን ነቅሎ ናዝሬት እንደ መትከል ቁጠሩት። በ1967 በመንግሥት ዕቅድ የተቆረቆረ አዲስ ከተማ ነው፤ ብዙ ሕዝብ አለው፤ ትልቅ የኳስ ቡድን አልነበረውም። ፒት ዊንክልማን የሚባል የሙዚቃ ነጋዴ ስታዲየምና ትልልቅ ሱቆች አንድ ላይ የሚያቆም የግንባታ ዕቅድ ይዟል። ዕቅዱ የሚሠምረው ስታዲየም ካለ ነው፤ ስታዲየም ደግሞ ቡድን ይፈልጋል። ቡድን ከሥር ኮትኩቶ ለማሳደግ ስንት ዓመት ይፈጃል? የሠለጠነውንና ዲቪዚዮን ያለውን ማምጣት ይቀላል። ሌሎች ክለቦችን ጠይቆ አልሆን ሲለው ቤት አልባው ዊምብልደን ተገኘለት።

ደጋፊው ተነሣ። የክለቡን የጨዋታ መጽሔት አልገዛም ብሎ የራሱን አሳተመ። ስታዲየም ገብቶ ለሜዳው ጀርባውን ሰጠ። ደብዳቤ ጻፈ፣ ሰልፍ ወጣ፣ የሕግ ምክር ጠየቀ። የሊጉ አስተዳደር በነሐሴ 2001 ዝውውሩን ከልክሎ ስለነበር ብዙዎች ነገሩ አበቃ ብለው ነበር። የክለቡ ባለቤቶች ግን ይግባኝ አሉ፤ የግልግል ጉባዔ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ መለሰው፤ በመጨረሻም የእግር ኳስ ማኅበሩ ለሰየመው ሦስት አባላት ላሉት ኮሚሽን ተመራ። ኮሚሽኑ ግንቦት 28 ቀን 2002 በ2 ለ 1 ድምፅ ክለቡ ይሂድ ብሎ ወሰነ።

የውሳኔው ጽሑፍ ለደጋፊዎቹ የማይረሳ አንድ ነገር ነበረበት። ክለቡ ቢፈርስ ደጋፊዎቹ ከአመዱ አንሥተው፣ ስሙን ለምሳሌ ዊምብልደን ታውን ብለው፣ ከ113 ዓመት በፊት ከተጀመረበት ቢጀምሩት ለእግር ኳስ ሰፊ ጥቅም አይበጅም የሚል ነው። ስድብ የለበትም፤ በአክብሮት የተጻፈ ነው። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለመቶ ዓመት ቲኬት የቆረጠ፣ ሻርፕ የገዛ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የመጣ ሕዝብ «ጥቅም» የሚለው ቃል ውስጥ አልተካተተም። በኛ ታሪክ ይህን የሚመስል ሰው ጭሰኛ ነው። መሬቱን ያርሳል፣ ይከፍላል፣ አያቱም እዚያው ተቀብሯል፤ ባለርስቱ መሬቱን ሲያዞረው ግን «አንተ እነማን ነህ?» ይባላል። እግር ኳስም ጭሰኛ እንዳለው ያ ወረቀት መሰከረ።

ለባለቤቶቹም ፍርድ ቢጤ ላድርግ። ክለቡ በእርግጥ ይከስር ነበር፤ ኪሳራውንም የሚሸፍኑት የኖርዌይ ባለሀብቶቹ ነበሩ። የሰው ገንዘብ እየፈሰሰ «ዝም ብለህ ክፈል» ማለት ቀላል አይደለም። የሚልተን ኪንስ ሕዝብም ቡድን መመኘቱ ኃጢአት አልነበረም። ዊንክልማን ራሱ ኋላ ላይ ቡድኑ ወደ ከተማው የመጣበት መንገድ እንደማያኮራው ተናግሯል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ክለቡን ማዳን ሲባል ከዊምብልደን ነቅሎ፣ ደጋፊውን በትኖ፣ ኋላ ስሙንም ቀይሮ ከሆነ የዳነው ምንድነው? የሊግ ቦታ ነው። በወረቀት የተጻፈ፣ የሚሸጥ የሚለወጥ የተሳትፎ መብት።

ውሳኔው በተሰማ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደጋፊዎቹ አዲስ ክለብ እንደሚመሠርቱ ቆርጠው ተነሡ። ስሙን ኤ ኤፍ ሲ ዊምብልደን አሉት። በወሩ መጨረሻ፣ ሰኔ 29 ቀን፣ ዊምብልደን ኮመን በሚባለው የሕዝብ መስክ ላይ የተጫዋች ምርጫ አደረጉ። ክለብ የሌለው ሁሉ ይምጣ ተባለ፤ 230 ያህል ሰው ጫማውን አንጠልጥሎ መጣ። የእኛን ሰፈር ሜዳዎች ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ነገር ከ14 ዓመት በፊት የኤፍ ኤ ዋንጫን ያነሣ ሕዝብ በዚህ መልክ ከባዶ መጀመሩ ነው። ሐምሌ 10 ከሰተን ዩናይትድ ጋር የመጀመሪያውን የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ። 4,657 ሰው ገባ። 4 ለ 0 ተሸነፉ። ሲያልቅ ደጋፊው ሜዳ ገብቶ ጨፈረ!

እስኪ ይህን ከሌላው ጋር አስተያዩት። ያው የቀድሞው ክለብ አዲሱ ከተማ እስኪዘጋጅለት አንድ ዓመት ሰልኸርስት ፓርክ ቆየ፤ ደጋፊው ግን አልገባለትም። ጥቅምት 29 ቀን 2002 ከሮዘራም ጋር ሲጫወት በስታዲየሙ የተገኘው ተመልካች 849 ብቻ ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ግንበኛውና ፖስተኛው የሚጫወቱበት የአካባቢ ሊግ ውስጥ የገባው ጀማሪው ቡድን በአማካይ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ያስገባ ነበር። ኮሚሽኑ ክለብ ምን እንደሆነ በወረቀት ወስኗል፤ ሕዝቡ ደግሞ በእግሩ። በሰኔ 2003 ባለወረቀቱ ክለብ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሕግ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፤ በመስከረም ሚልተን ኪንስ ገባ፤ በ2004 ከሊጉ እርከን ወረደና ስሙ ኤም ኬ ዶንስ ተባለ። «ዶንስ» የዊምብልደኖች ቅጽል ነው። ሰውዬው ቤትህን ወስዶ የቤት ስምህንም ሲጠራበት እንደ ማለት ነው።

የአዲሱ ክለብ አሠራር ለኛ ሰው ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ዕድር በሉት። አባል መዋጮውን ይከፍላል፣ ሀብታሙም ድሃውም አንዳንድ ድምፅ አለው፣ ኮሚቴውን ይመርጣል፣ ካልተስማማው ይሽረዋል። ዶንስ ትረስት የሚባለው ይህ የደጋፊዎች ማኅበር ክለቡን በበላይነት ይዟል። ከየካቲት 2003 ጀምሮ 78 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፉ ተጓዙ፤ በእንግሊዝ ታሪክ እንዲህ ያለ አልነበረም። በ9 ዓመት 5 ጊዜ አደጉ። ግንቦት 21 ቀን 2011 ማንቸስተር ላይ ከሉተን ታውን ጋር 0 ለ 0 ወጥተው በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አሸነፉና አባቶቻቸው በ1977 በገቡበት በር ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ገቡ።

በመሃል አንድ ትንሽ ድል ነበረች። በ2007 የኤም ኬ ዶንስ ሰዎች የዊምብልደንን ቅርሶች፣ የ1988ቱን ዋንጫ ቅጂ ጭምር፣ የዊምብልደን ሰፈር ለሚገኝበት ለመርተን ማዘጋጃ ቤት አስረከቡ። ታሪኩን መለሱ፤ የሊግ ቦታው ግን እዚያው ቀረ። ሁለቱ ቡድኖች በታኅሣሥ 2012 በኤፍ ኤ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተው ኤም ኬ ዶንስ 2 ለ 1 አሸነፈ። በ2017 ዊምብልደኖች በሜዳቸው ሲያስተናግዷቸው የውጤት ሰሌዳው ላይ «ኤም ኬ» ብቻ ብለው ጻፉ፤ «ዶንስ» የሚለውን ዋጡት። ሊጉ ከሰሳቸው። እኔ ብዳኝ ኖሮ ነጻ ነበር የምለቃቸው።

ይሁንና የተበደለ ሁሉ ጻድቅ አይደለም። ዊምብልደኖች እስከ 2020 ድረስ የተጫወቱበት ኪንግስሜዶ የሚባለው ሜዳ መጀመሪያ ኪንግስቶኒያን የተባለ ሌላ ትንሽ ክለብ ቤት ነበር። ኪንግስቶኒያን ከስሮ ሜዳው ወደ ሌላ እጅ ዞሮ ነበርና ዊምብልደኖች በ2003 ገዙት፤ ኪንግስቶኒያንንም በደባልነት አኖሩት። ወደ ሰፈራቸው ለመመለስ ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው ግን ሜዳውን ለቸልሲ ሸጡ፤ ኪንግስቶኒያን በ2017 ወጥቶ ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚዞር ሆነ። ከሜዳ የተባረረ ሕዝብ በተራው ሌላውን አስወጣ! ይህን የሚያወሩት ጥቂቶች ናቸው። የዊምብልደንን ታሪክ እንደ ገድል ለሚጽፉ ሰዎች አይመቻቸውማ።

ወደ ፕላው ሌን መመለሱ ቀላል አልነበረም። አዲሱ ስታዲየም የታቀደው ከአሮጌው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ የውሻ እሽቅድድም ይካሄድበት በነበረ ቦታ ላይ ነው። ግንባታው ሊያልቅ ሲል ገንዘብ አጠረ። በ2019 መጨረሻ ክለቡ ከባድ ጥያቄ ፊት ቆመ፤ ለባለሀብት ድርሻ ሸጦ መጨረስ ወይስ ከደጋፊው ኪስ መፈለግ? ባለሀብት የሚለው ቃል በዚያ ሰፈር ምን እንደሚያስታውስ መገመት አያዳግትም። ቦንድ አወጡ፤ አባላት በየአቅማቸው ገዙ፤ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ኅዳር 3 ቀን 2020 ከዶንካስተር ጋር 2 ለ 2 በተለያዩበት ጨዋታ ክለቡ ከ29 ዓመት በኋላ ፕላው ሌን ገባ። ወንበሮቹ ግን ባዶ ነበሩ። ኮቪድ ነበርና ተመልካች ተከልክሏል። ያን ሁሉ ዓመት የለፉበትን ቀን ባለቤቶቹ ሳሎናቸው ተቀምጠው በስክሪን አዩት።

ከዚያም በ2022 ሌላ ፈተና መጣ። ቡድኑ ከ20 በላይ ተከታታይ የሊግ ጨዋታ ማሸነፍ አቃተው። በመጋቢት አሠልጣኙን አሰናበቱ፤ አልጠቀመም፤ ወረዱ። ደጋፊው እንደ ማንኛውም ደጋፊ ተቆጣ። ግን «ባለቤቱ ይውረድ!» ብሎ ቢጮህ ወደ ማን ይጮሃል? ባለቤቱ እሱ ራሱ ነው። በማንቸስተርና በኛ ኳስ ማሳያ ቤቶች ቁጣው ወደ ላይ ይወረወራል፤ ፕላው ሌን ላይ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው የመረጥከው የቦርድ አባል ሊሆን ይችላል። ተጫዋች ለመግዛት ገንዘብ የለም ሲባልም ምክንያቱን ታውቃለህ፤ ስታዲየም ሠርተህበታል። የደጋፊ ባለቤትነት ዋጋው ይህ ነው። የሚረግሙትን ሰው ያሳጣል።

የኛን ክለቦች ታሪክ ሳስብ ሦስተኛ መልክ ይታየኛል። በአገራችን ብዙ ቡድኖች የባንክ፣ የመብራት ኃይል፣ የጦር ሠራዊት፣ የፋብሪካ ነበሩ፤ በጀት ሲፈቀድ ይኖራሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲታክተው ይፈርሳሉ። ካታንጋና ሚስማር ተራ ለዓመታት የጮኸው ሰው አንድ ቀን ቡድኑ መፍረሱን በሬዲዮ ይሰማል። የሚቃወምበት ኮሚሽን እንኳ አይቋቋምለትም።

በእንግሊዝ ነገሩ ዘግይቶም ቢሆን ሕግ ዘንድ ደርሷል። በሚያዝያ 2021 ስድስት ትልልቅ ክለቦች ወደ አውሮፓ ሱፐር ሊግ እንገባለን ሲሉ ደጋፊው በሁለት ቀን ውስጥ አስተዋቸው፤ ግንቦት 2 ደግሞ የማንቸስተር ሰዎች ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ውስጥ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር የነበረውን ጨዋታ አስቀሩ። መንግሥት ያስጠናው ጥናት ተከተለ፤ በሐምሌ 2025 የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ክለብ ሜዳውን ሸጦ ወይም ለቅቆ መሄድ ቢያስብ ነጻ የሆነ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ አለበት፤ በክለቡ ዓርማና ቀለም ላይም ደጋፊው ሊጠየቅ ይገባል። ሃማም ቡድኑን ከፕላው ሌን ሲያስወጣ ይህ ሕግ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ታሪክ አይኖረኝም ነበር።

ሕጉ ከመጽደቁ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 26 ቀን 2025፣ ዊምብልደኖች ዌምብሊ ላይ ዎልሶልን 1 ለ 0 አሸንፈው ወደ ሊግ አንድ አደጉ። ኤም ኬ ዶንስ በዚያው ዓመት ከነሱ ጋር በሊግ ሁለት ሲጫወት ቆይቶ በሠንጠረዡ ግርጌ አካባቢ ጨርሶ ነበር። በማግስቱ የዕድሩ ኮሚቴ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ከየት እንደሚመጣ ማስላት ጀመረ።